በወንዴ ጌም ያገኘነው ዘመድ

ይህ ነገር የደረሰብን በ2012 ዓ.ም. መስቀል ሲቃረብ ነው። ዓመታት ቢያልፉም እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለሰው ስናገር ብዙዎቹ የጌም ወሬ ነው ብለው ይስቁብኛል። እውነትም የጌም ወሬ ነው፤ ነገር ግን የወንድሜ ሕይወትም በውስጡ ስላለበት ልንገራችሁ።

የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። እኔ ከላይ ሴቻ ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አባቴ ከዶርዜ ወርዶ እዚህ ጎጆ የቀለሰ ሸማኔ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ነን። አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ስሙ ወንድማገኝ ነው፣ ወንዴ እንለዋለን። እንደ ብዙ የአካባቢያችን ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ሱቅ ከፍቶ ይሠራል።

ወንዴ ያደገው እኛ ቤት ሳይሆን ሲቀላ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እዚያ ሄዶ ትንሽ ሲደላደል መጀመሪያ የገዛው ነገር የራሱን ማሽን ነው። ቀጥሎ ለእኛም አንድ ገዝቶ በሚመጣ ሰው ላከልን። እኔ ላፕቶፕ ስጠብቅ ጌም መጣልኝ። ተናድጄ ለሁለት ሳምንት ያህል ካርቶኑን አልከፈትኩትም።

ለካ ልጁ ያሰበው ነገር ነበረው። በየወሩ የሚከፍልበት አገልግሎት የቤተሰብ የሚባል ዓይነት ነው። አንድ ሰው ይከፍላል፤ ቤተሰቤ ናቸው ብሎ ያስገባቸው ሰዎች ደግሞ በያሉበት አገር ሆነው ይጫወታሉ፣ እየተጫወቱም ያወራሉ። ወንዴ በስልክ ሲደውል «ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኑ» ብሎ የሚዘጋ ሰው ነው። ኳስ እየተጫወተ ግን ሆዱን ይዘረግፍልኛል። ምን እንደበላ፣ ማን እንዳስቀየመው፣ እናታችንን በሕልሙ እንዳያት የሰማሁት ጎል ሲያገባብኝ ነው። እኔም ለዚህ ስል ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ጆይስቲክ መያዝ ተማርኩ።

ኢንተርኔቱ የጎረቤታችን የሙስጠፋ ነው። ሙስጠፋ የወንዴ አብሮ አደግ ሲሆን፣ አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን የጅምላ ሱቅ አሁን እሱ ነው የሚይዘው። ሱቁ ከእኛ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ገመድ አሾልኮ ሰጠን። ማሽኑ የእኛ፣ ኢንተርኔቱ የሙስጠፋ፣ ክፍያው የወንዴ ሆነ። ሙስጠፋም ከሱቁ ይልቅ እኛ ሳሎን መዋል ጀመረ።

አባባ ጌም የሚባል ነገር አይገባውም። የገባው ነገር አንድ ብቻ ነው። ማሽኑን የከፈተ ሰው ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ማንበብ ባይችልም የወንዴ ስም ከሁሉም በላይ መሆኑን ያዘ። አመሻሽ ላይ ከሽመናው ጉድጓድ ወጥቶ፣ ልብሱ ላይ የቀረውን የጥጥ ብናኝ እያራገፈ ይገባና «በራ?» ይለኛል። በርቷል ካልኩት ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። አይናገርም፣ አይጠይቅም፤ ነጥቧን እያየ ቁጭ ይላል።

ከእኛ ስም በታች ግን አንድ የማናውቀው ስም ነበር፤ ኖምሳ ይላል። ይህ ኖምሳ የተባለ ሰው መጫወት ሲችል ለጉድ ነው። ሙስጠፋን አንድ ጊዜ አምስት ለባዶ ሲያሸንፈው ሙስጠፋ ቡናውን ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ። ከዚህ የባሰው ደግሞ አገልግሎቱ በአንድ ጊዜ ከሁለት ማሽን በላይ አያስተናግድም፤ ወንዴና ኖምሳ ከገቡ እኛ ውጭ እንቀራለን። ሙስጠፋ «ይሄ ሰውዬ የእኛን ቦታ ነው የያዘው፣ አስወጪልን» እያለ ጠዋት ማታ ይነዘንዘኝ ጀመር። ለወንዴ ስነግረው ሳቀና «እሱን ተዉት፣ ቤተሰብ ነው» ብሎ አለፈው። እኛም የሱቁ ደንበኛ የሆነ ሥራ ፈት ጎረምሳ ይሆናል ብለን ተውነው።

ያን ጊዜ መስከረም ገብቶ አባባ ለመስቀል ዶርዜ ለመውጣት ይዘጋጅ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሙስጠፋን ሱቁ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ ልክ አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ እየተዘረፈና እየተቃጠለ ነው፣ የወንዴ ከተማም አለበት አለኝ። ስልኩን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይጠራም። እዚያ ላሉ ለምናውቃቸው ልጆች ደወልን፤ ያነሳ ሰው ሱቁ መቃጠሉን እንደሰማ፣ ወንዴን ግን ያየው ሰው እንደሌለ ነገረን።

ለአባባ መናገር ነበረብኝ። ሰማኝና ተነስቶ ወደ ሽመናው ተመለሰ። አመሻሽ ላይ እንደ ልማዱ ገብቶ «በራ?» አለ። አልበራም አልኩት። በማግስቱም ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን አቆመ። ገብቶ ቴሌቪዥኑን አይቶ ይወጣል። እንደ እሱ መጠየቅ ማቆም የጎዳኝ ነገር የለም።

ከዶርዜ ዘመዶች መጡ። መስቀልን አብረን እናሳልፍ፣ ና ውጣ አሉት። «የልጄን ነገር ሳላውቅ እሳት ዳር አልቆምም» አላቸው። ሙስጠፋ ሱቁን በጊዜ እየዘጋ እኛ ጋ ይውላል፤ ጆይስቲኩን ግን የነካ ሰው የለም። ማሽኑን የምንከፍተው ምናልባት ቢበራ ብለን ብቻ ነው።

በአንዱ ከሰዓት በኋላ ነጥብ በራች፤ የወንዴ ግን አይደለችም። የኖምሳ ናት።

ሙስጠፋ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ያ አስወጪልን ሲለኝ የከረመ ሰው «ጻፊለት አስቴር፣ ቶሎ ጻፊለት፣ ሳይወጣ» እያለ ይወተውተኝ ጀመር። ጆይስቲኩን ይዤ በእንግሊዝኛ «ወንዴ የት ነው?» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ፊደሉን እየጠራሁ ነበር የምጽፈው። አባባ በር ላይ ቆሞ ምን እያልኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«እንዲህ ነው እንዴ ሰው ቤት የሚገባው?» አለኝ። «መጀመሪያ ሰላም በዪው። እሱም እኮ እዚያው እሳቱ መሀል ነው ያለው። ቤቱን ጠይቂ፣ ልጆቹን ጠይቂ። የእኛ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።»

እውነቱን ለመናገር በልቤ ተቆጣሁ። ሰው ሞተ ዳነ በሚባልበት ሰዓት የምን ሰላምታ ነው? ሙስጠፋም በዓይኑ «ተዪው» ይለኛል። ነገር ግን አባባ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለነበር የጻፍኩትን አጥፍቼ እሱ የሚለውን እየተረጎምኩ ጻፍኩ። እንዴት ነህ፣ ቤተሰብህ እንዴት ነው፣ ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ፣ ጎረቤቶችህ ደህና ናቸው ወይ፣ በአገራችሁ በሆነው አዝነናል። እኛ የወንድማገኝ አባትና እህት ነን፣ ከኢትዮጵያ። ስለ እሱ የምታውቀው ካለ ንገረን። ይህን ሁሉ በጆይስቲክ ፊደል በፊደል መልቀም ምን ያህል እንደሚያቃጥል የሞከረው ያውቀዋል።

ላክሁት። ወዲያው የኖምሳ ነጥብ ጠፋች።

ሙስጠፋ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ አለቀስኩ። አባባ ግን «ሰላምታ ሰምቶ የሚጨክን የለም» አለና ወጣ። እኔ እንደ እሱ ማመን አልቻልኩም።

መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው። እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እኔ ኖምሳ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ሁለቱ ልጆቼም ደህና ናቸው። በዚህ ሰሞን ደህና ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጃችሁ በሕይወት አለ። እኔ ቤት ተኝቷል። እንደ እናት እየጠበቅሁት ነው።»

ለአባባ ተርጉሜ ልነግረው ስል ሙስጠፋ ቀደመኝ። «በሕይወት አለ» አለው። አባባ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ሲያለቅስ አየሁት፤ ለእናታችን እንኳን ሰው ፊት አላለቀሰም ነበር።

ነገሩን በኋላ ሰማነው። ኖምሳ የወንዴ ጎረቤት ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳ የሚሆን ባሏ የሞተባት ሴት። ማታ ከሥራ ገብታ ድካሟን የምትረሳው በልጆቿ ማሽን ኳስ በመጫወት ነው። ሱቁ ሲነድ ወንዴ ጭንቅላቱን ተመትቶ በጓሮዋ በኩል ሲወድቅ አግኝታ፣ ጎትታ አስገብታ በሩን ቆለፈችበት። ስልኩም ማሽኑም ከሱቁ ጋር ነደዋል። እሱ ደግሞ እንደ ዘመኑ ልጅ አንድም ቁጥር በቃሉ አያውቅም። ትኩሳቱ መለስ ሲልለት «ቤተሰቦቼ ጌሙ ላይ ናቸው» ብሏት መልሶ ያንቀላፋል።

እሷ ማሽኑን ስትከፍት የምታየው ግን ስማችንን አይደለም። ወንዴ ለእኛ ያወጣልን የጨዋታ ስም «አዞ» ነው። እሷን ጎረቤቱን እንዳስገባ ከሰፈሩ ጎረምሶች አንዱንም አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አዞ ማን እንደሆነ በምን ታውቃለች? በዚያ ላይ ያ የውጭ አገር ሰው የት ገባ እያሉ የሚጠይቁ ሰዎች በሯ ድረስ መጥተው ነበር። መልእክቴ ሲደርሳት ደንግጣ ማሽኑን ዘጋችው። አድራ ስታስበው ግን ሰው አሳዳጅ ልጆችሽ እንዴት ናቸው ብሎ አይጀምርም። ወንዴ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ የአንዷን እናት፣ የሌላዋን ጉልበት፣ የሦስተኛውን ሥራ ሳይጠይቅ ዳቦ አይሸጥም ነበር። ደንበኞቹ በዚህ ይሳለቁበት እንደነበር ነገረችን። ይህን የጻፈ የእሱ ቤት ሰው ነው ብላ ወሰነች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወንዴ ተነስቶ መቀመጥ ቻለ። በኖምሳ ማሽን በኩል ድምፁ በቴሌቪዥኑ ወጣ፤ ደከም ያለ ነበር። አባባ ወንበሩን ስክሪኑ ሥር አስጠግቶ በጋሞኛ ስሙን ብቻ ደጋግሞ ጠራው። ወንዴም «አቤት፣ አቤት» አለ። ቀጥሎ አባባ ያችን ሴት አገናኙኝ አለ። እሱ በጋሞኛ፣ እሷ በራሷ ቋንቋ ተራ በተራ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ። አንዱ የአንዱን ቃል አያውቅም። ወንዴ ልተርጉም ቢል ሁለቱም አላስጨረሱትም።

መስቀልን ዶርዜ ወጥተን አከበርን። ሙስጠፋም አብሮን ወጣ፤ መንገዱን ሙሉ ግን ያሳፈረው በእናቱ ዕድሜ ባለች ሴት አምስት ለባዶ መሸነፉ ነበር። እኔም አላበረድኩለትም።

ወንዴ አሁንም እዚያው ነው። ና ብንለው አልመጣም፤ ሌላ ሱቅ ከፍቷል። ያኔ የባንክ ካርዱ ከቦርሳው ጋር ስለጠፋ፣ ወሩ ሲያልቅ የጌሙ ክፍያ ተቋረጠ። ኖምሳ በራሷ ስም ከፍላ ወንዴንም እኛንም አስገባችን። ዛሬ እኛ ነን በእሷ ቤተሰብ ውስጥ ያለነው። አባባ ለእሷ ጋቢ ሠርቶ ልኳል፤ እዚያ ለብሳው የተነሳችውን ፎቶ ሳሎን ሰቅሎታል።

እኔ ኖምሳን በአካል አይቻት አላውቅም። ግን ስለ እሷ ሳስብ ልቤ ይሞቃል፤ ይፈራልም። ድሮ ከዚያ አገር ክፉ ወሬ ስሰማ የምሰጋው ለአንድ ሰው ነበር። በቅርቡ ያሉበትን አካባቢ ጎርፍ መታው ሲባል ደውዬ ወንዴ «ሄሎ» ሲል የወጣኝ ቃል «ኖምሳስ?» የሚል ነው።

«ደህና ናት፣ እዚህ አጠገቤ ናት» አለኝ። ከዚያም እየሳቀ «ወንድምሽም ደህና ነው፣ ምናልባት ልትጠይቂ ከፈለግሽ» አለ።

ሳቅሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ብዙ ቆይቼ አለቀስኩ። የምሰጋለት ሰው በዝቶብኛል፤ ይህንንም አላማርርም።