በአራተኛው ክፍል ያልተካሄደው ውይይት

የምርምር ጉባኤው በየዓመቱ ሦስት ቀን ይቆያል። የክፍል ድልድሉን፣ የስም ካርዱንና የተናጋሪዎቹን ሰዓት የምትይዘው ሴት የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ናት፤ ሃያ ሁለቱን ያሳለፈችው በዚሁ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «እትዬ ወንበር»። ታውቃለች።

ከሦስት ዓመት በፊት የጉባኤውን ኮሚቴ ለምና አራተኛውን ክፍል ለግማሽ ቀን አስፈቀደች። ፕሮግራም ላይ የማይጻፍ፣ ጽሑፍ የማይቀርብበት፣ ሰው ስላልሰመረለት ሥራ የሚያወራበት ክፍል እንዲሆን ፈለገች። መድረክ ላይ ሁሉም እንደተሳካለት ይናገራል፤ በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ቆሞ ግን የማያማርር የለም። ይህን ስትሰማ ኖራለች።

ክፍሉ ግን ጸጥ አለ። ወንበሮቹን በክብ ብትደረድርም ፕሮፌሰሮቹ የተቀመጡበት በኩል መድረክ ሆኖ አረፈው። ታናሹ ታላቁን ይጠብቃል፤ ታላቁ ደግሞ የከሸፈ ሥራ የለኝም ባይ ነው። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። አውቶቡስ ነጂው ባሏ፣ «ለዝምታማ ወንበር ምን ያደርጋል? ቆሞም ዝም ይባላል» ብሎ ቀለደባት።

ዘንድሮ ኮሚቴው ቁርጡን ነገራት፦ ክፍሉ አሁንም ዝም ካለ ለፖስተር ማሳያ ይሰጣል።

እሷ ግን አንድ ነገር ልብ ብላ ነበር። ሰዎቹ አፋቸውን የሚፈቱት ስብሰባው አብቅቶ ወንበር ሲያጣጥፉ ነው። ስለዚህ አርባ ወንበርና ስምንት ጠረጴዛ መሀል ወለሉ ላይ ከምራ ጠበቀቻቸው።

«ክፍሉ አልተዘጋጀም፤ እባካችሁ አግዙኝ» አለች።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ደግሞ የጉልበት ሥራ መጣ?» አላት አንድ የሒሳብ ሰው።

«ስሌት ወገብ አያጠነክርም። በዚያ በኩል ያዝ!»

አንዲት የእህል ዘር ተመራማሪና አማካሪዋ ፕሮፌሰር አንዱን ጠረጴዛ ከሁለት ጫፍ አነሱት። ልጅቷ ወደ ኋላ እየተራመደች ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

«ፕሮፌሰር፣ ያ የሁለት ዓመቱ ዘር... ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ነው የከረመው። ዘግይቼ ነው ያየሁት። ቁጥሩ ሁሉ ከንቱ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ቆመው እንዳይቆጡ እጃቸው ተይዟል።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«በይ ግድግዳውን እንዳትመቺው፤ ቀስ። እናስቀምጠውና ከየት እንደምንጀምር ታሳይኛለሽ።»

አጠገባቸው ወንበር የተሸከመው የሒሳብ ሰው ሰምቶ ሳቀና የራሱን አመጣ፤ ስድስት ወር የደከመበት የሒሳብ ማረጋገጫ ሦስተኛው መስመር ላይ ስህተት ነበረው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደቀደመ መለየት አልተቻለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ዕቃው ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ በሩን ሲከፍት ሁሉም ዝም አለ።

«ውይይቱ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«እየተካሄደ ነበር» አለች።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚጽፈው ነገር ያስፈልገዋል። ወደ ጥግ ወስዷት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ልጎዳዎት አልፈልግም። ማን ምን እንደተናገረ ሁለት ሰው ብቻ ይጥሩልኝ። ሪፖርቱ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ክፍሉም ይቀጥላል።»

ሪፖርቱ የሚሄደው የምርምሩን ገንዘብ ለሚመድቡት ሰዎች ነው። የዘር ተመራማሪዋ ወንበር እንዳቀፈች ከወዲያኛው ግድግዳ ታያቸው ነበር።

«ስም አልያዝኩም።»

«አንድ እንኳ?»

«እርጅና ነው መሰለኝ፤ ረሳሁት።»

የሦስት መቶ ተሳታፊ ስም ካርድ ሳታይ እንደምትጠራ ሰብሳቢው ያውቃል። ጥቂት አያትና «አልተካሄደም» ብሎ ጻፈ፤ እስክሪብቶውን ሰጣት። ፈረመች።

«ፖስተሮቹ ስንት ሰሌዳ ይፈልጋሉ?» ስትል ጠየቀችው።

«አሥራ ስድስት።»

«አንዱን ስንት ሰው ያነሳዋል?»

«ከባድ ነው፤ ለሁለት ነው የሚያነሱት።»

ደብተሯን አውጥታ «ለከርሞ፦ አሥራ ስድስት ሰሌዳ፣ ሠላሳ ሁለት ሰው» ብላ ጻፈች።