የአማቴ የጦር ባቡር

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ኮተቤ ሲያስተምሩ ስለኖሩ ተማሪ ካላገኙ ያማቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ከረመና አንድ ቀን፣ ከየት እንዳመጡት ሳይታወቅ፣ የጦር ባቡር ይዘውልን ብቅ አሉ። ከቤታቸው ጀርባ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ቀጭን መንገድ በወረራው ዘመን ጣሊያን ጥይትና ድንጋይ ያመላለሰባት የትንሽ ባቡር መስመር ነበር አሉን። እኛ እስከዚያ ቀን እንጨት ተሸካሚዎች የከፈቱት መንገድ ይመስለን ነበር።

ማስረጃ አላቸው። "ታዲያ ሃዲዱ የት ሄደ?" ያላቸውን ሁሉ ሰፈር ለሰፈር እያዞሩ ያሳዩታል። ሥጋ ቤቱ በሬ የሚሰቅልበት አግዳሚ ብረት ሃዲድ ነው። የጎረቤታቸው የግቢ በር የቆመው በሁለት ሃዲድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተንጠልጥሎ እንደ ደወል የሚመታውም ቁራጭ ሃዲድ ነው። ይህ እንኳ እውነት ነው፤ እኔም በእጄ ዳስሼዋለሁ። ጦር ያነጠፈውን ሕዝቡ ነቅሎ በር አቆመበት፣ ሥጋ ሰቀለበት፤ እሰየው። ግን ብረቱ ከጅቡቲው መስመር ተጭኖ ይምጣ፣ ከእንጦጦ ይነቀል፣ ማን ያውቃል?

ወሬው ተዛመተና ቅዳሜ ጠዋት የሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ሰዎች ስኒከራቸውን አጥልቀው ይከተሏቸው ጀመር። አማቴ ሱሪ የሚተኩሱት ለዚህች ቀን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሳምንት በፒጃማ ነው የሚውሉት። "እዚህ ጋ ጣቢያ ነበር፣ እዚህ ጋ ወታደሮቹ ሻይ ይጠጡ ነበር" ይላሉ። ጣቢያዎቹ በየሳምንቱ ቦታ ይቀያይራሉ። እኔ ደግሞ ነገረኛ ነኝ። አማት ይከበራል፣ አውቃለሁ፤ ግን አላስችል አለኝ። እናም መንገድ የምትሠራ አንዲት መሐንዲስ ባልደረባዬን ጋበዝኳት።

ልጅቱ ስትከተል ቆይታ ዳገቱ ላይ ስንደርስ ስልኳን አውጥታ ተዳፋቱን ለካች። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እዚህ ላይ ባቡር አይወጣም፤ በጣም ቀጥ ያለ ነው" አለቻቸው። አማቴ ባርኔጣቸውን አስተካክለው "ይሆናል" አሉ። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ አንድም ጣቢያ አላሳዩንም። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልጣመኝም። ባለቤቴም ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልወጡም። በራቸው ላይ ቆመን ስንጠራቸው ከውስጥ ሆነው "አሞኛል፣ እናንተ ሂዱ" አሉን። መሄድ አቃተን። እንዲህ ከቀሩማ ዳግመኛ እንደማይወጡ ሁላችንም ገብቶናል። ያኔ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሆን ብላ ድምጿን ከፍ አደረገች። "እኔ ግን አያቴ በዚያ ባቡር ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄጃለሁ ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች። ከኋላዋ የነበረው ሰውዬ ተቀበላትና አባቱ ለሹፌሩ እንቁላል ይሸጡለት እንደነበር ተናገረ። ተመልሳ የመጣችው መሐንዲስም "እንደገና ሳሰላው በትንሽ ሞተር ይወጣል" ብላ ዓይኗን ሳታሽ ዋሸች። እኔስ ከማን አንሼ? ባቡሩ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ሱሉልታ ይወጣ ነበር አልኩ።

በሩ ብርግድ አለ። አማቴ በፒጃማ ቆመዋል።

"ሱሉልታ? በየትኛው ዋሻ?" አሉኝ። "እንጦጦ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ ታውቃለህ? እንኳን ሱሉልታ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይም ባቡር አይደርስም። ልጅቱ ልክ ናት። ሰው በአደባባይ እንዲህ ይቀደዳል?"

ሰዉ ሳቁን ለቀቀው፤ ቆይተው እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ገብተው ለባበሱ።

ሌሎቹ ቀደም ቀደም ሲሉ፣ አማቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እስኪያስሩ እኔ ጠበቅኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ "ባቡር ባይኖር አንድ ሽማግሌን ተከትሎ ጋራ የሚወጣ ማን ነበር?" አሉኝ።

"እኔ ነበርኩ" ብል ውሸት ይሆን ነበር። ብቻቸውን በከረሙባቸው ወራት ቅዳሜ ጠዋት እኔ እንቅልፌን ነበር የምለጥጠው። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። መልስ ሳይጠብቁ ክንዴን ተደግፈው ተነሡና ሰዎቹን ተከተልን።