የኋላው ስፒከር

ሚኒባሴ ከቆቦ ዋጃ፣ ከዋጃ አላማጣ ይመላለስ ነበር። የኋለኛው ወንበር ስፒከሮች ወረቀታቸው ተቀዶ ስለነበር ዘፈን በከፈትኩ ቁጥር ተሳፋሪው ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንዱ ካሴት ግን አያስቅም ነበር።

ካሴቱን የላከችው ዓረብ አገር ለሥራ የሄደችው እህቴ ናት። መጻፍ ስለማትችል ቃሏን እየቀዳች ወዳገር በሚመለስ ሰው እጅ ትልክልን ነበር። ይሄኛው የመጨረሻው ነው፤ ከሱ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። ቤታችን ቴፕ የለም፤ እናቴ ደግሞ የልጇን ቃል ጎረቤት እንዲሰማባት አትፈልግም። ስለዚህ በገበያ ቀን ሰው ካራገፍኩ በኋላ መኪናው ውስጥ ትገባና ከኋላ ጥግ ተቀምጣ ክፈትልኝ ትለኛለች።

ሰላምታው፣ የዘመድ አዝማድ ጥየቃው ደህና ይሰማል። እህቴ "በሉ ደህና ሁኑ" ካለች በኋላ ግን ካሴቱ አይቆምም። ከስፒከሩ ሰው የሚያቃስት የመሰለ ድምፅ ይወጣል፣ ይረዝማል፣ ይጠፋል። አንድ ቀን ካሴቱን ማውጣት ረስቼ በተሳፋሪ ፊት ያ ድምፅ ሲመጣ፣ አንድ ሽማግሌ "አዑዙ ቢላህ" ብለው ዋጃ ሳንደርስ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ከኋላ የሚቀመጥልኝ ሰው አጣሁ።

እኔ የተቀደደ ወረቀት ነው እላለሁ፤ እናቴ ልጄ የሆነ ነገር እያለችኝ ነው ትላለች። የልጇን ደህንነት የምታውቀው ከዚያ ድምፅ ነው ብላ እንቅልፍ አጥታ ነበር። በመጨረሻ ስፒከሩን ቀይረው፣ የምመርጠውም እኔ ነኝ አለችኝ።

ቆቦ አስፋልቱ ዳር ወዳለ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሄድን። ባለሱቁ ትልልቆቹን አውጥቶ፣ ወጣት ሾፌር ሁሉ የሚወስደው ይሄንን ነው አለና ዘፈን ለቀቀበት። የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እኔ በልቤ ወድጄው ነበር። እናቴ ግን ካሴቱን ከጉያዋ አውጥታ፣ በዚህ ካልሆነ አልመርጥም፣ እሱንም መኪናው ውስጥ ከወንበሬ ሆኜ ነው አለች። ባለሱቁ ሳይወድ በግዱ ሽቦ እስከ መኪናው ስቦ አንድ በአንድ ያገናኝልን ጀመር። ትልልቆቹ የእህቴን ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ አስመሰሉት። እናቴ ይነሳልኝ ብላ ፊቷን አዞረች። መጨረሻ ላይ ማንም የማይጠይቀውን፣ አቧራ የጠገበ ትንንሽ ጥንድ አመጣ። ቤዝ የለውም፣ ለወሬ ብቻ ነው የሚሆነው ብሎ እያፈረ አገናኘው።

"በሉ ደህና ሁኑ" አለች እህቴ፣ አጠገባችን የተቀመጠች ያህል። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ማቃሰት አልነበረም።

የወፍ ጠባቂ ጥሪ ነበር። እኛ ዘንድ ማሽላው ሲያፈራ ልጅ አዋቂው ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል። ሊመሽ ሲል አንዱ ከማማው ሆኖ ይጣራል፤ ከጎረቤት ማሳ ያለው ይመልስለታል፤ የመጀመሪያው አንዴ ደግሞ ይጣራል፣ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ይህ የማሳረጊያው ጥሪ ከቀረ ዝም ተብሎ አይቀመጥም፣ ተሄዶ ይታያል። እናቴና እህቴ በሁለት ማማ ሆነው ስንት ዘመን ተጣርተዋል። ካሴቱ ላይ እህቴ የምትጣራው አፉን በእጁ እንደያዘ ሰው በታፈነ ድምፅ ነው፤ ቀጣሪዎቿ እንዳይሰሟት ይመስለኛል። ከዚያ ዝም አለች። ካሴቱ መዞሩን አላቆመም፣ ትንፋሿ ይሰማል። መልስ እየጠበቀች ነበር።

እናቴ መለሰችላት። ቆቦ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከኋላ ወንበር ሆና ባላት ድምፅ ሁሉ መለሰችላት። መንገደኛው ዞሮ አየን። ባለሱቁ ሽቦውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ ፈራሁ፤ ምኑን እንደፈራሁት ዛሬም አላውቅም። የማሳረጊያውን ጥሪ ጠበቅን። ትንፋሿ ብቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

"ያለቀው ካሴቱ ነው" አለችኝ እናቴ። "ልጄ አይደለችም።"

እንዲህ እያለች ግን መቀነቷን ፈትታ አጥብቃ ታስር ነበር፤ ያኔ ማሳ ላይ የማሳረጊያው ጥሪ ሲቀር፣ ከማማው ወርዳ ልታይ ስትነሳ እንደምታደርገው።