ሠላሳ አራት ቁጥር

ሰውዬው ቅዳሜ ጠዋት ከኮሌጁ ስታዲየም አጠገብ፣ ጨዋታው እስኪጀመር ሥጋ ከሚጠብሱት የቀዩ ቡድን ደጋፊዎች ከነዌይሎን ምድጃ ራቅ ብሎ ሁለት ተጣጣፊ ወንበሮች ዘረጋ። በአንዱ ተቀመጠ፤ ሌላውን በመዳፉ ጠረገው። የለበሰው ቀይ ማሊያ ሰፍቶት ትከሻው ላይ አይረጋም። ዘንድሮ የቀዮቹ ደጋፊዎች ከቡድኑ የተባረረውን የሠላሳ አራት ቁጥሩን ልጅ ስም ከየማሊያቸው ጀርባ ላይ ተርትረው ጥለዋል። የሰውዬው ማሊያ ላይ ግን የላላው ፊደል ሁሉ በወፍራም ክር ተጠግኗል።

"የናንተ ቡድን ልምምድ የሚሠራው ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ?" አለው ዌይሎንን፣ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገው የተጋጣሚው ቡድን ደጋፊ ኮርዴል።

"የናንተዎቹስ? ሰክረው አጥር የጣሱት መላእክት ናቸው?" አለ ዌይሎን ጎድኑን እያገላበጠ። "እኛ ቢያንስ ያንን ዱርዬ አባረናል።" ወደ ሰውዬው ዞረ። "አባባ፣ እርስዎ አሁንም የሱን ማሊያ ይለብሳሉ? ገንዘብዎን ያስመልሱ እንጂ!"

ሰውዬው ፈገግ አለ።

"አልገዛሁትም፣ ልጄ። ቤት ጥሎት ሄዶ ነው።"

ዌይሎን መቆንጠጫውን ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ኮርዴል ኮፍያውን አውልቆ፣ አንድ ሳህን ጥብስ ይዞ መጣና ባዶው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

ሰውዬው እጁን ወንበሩ ላይ አሳረፈ።

"ይቅርታ" አለ። "ሰው አለው።"