አባቴ የለበዳቸው መጻሕፍት

የድሮ ልብ ወለድ እሰበስባለሁ። ለማንበብ አይደለም፤ ብዙዎቹን ገና ሦስት ገጽ ሳልሄድ እተዋቸዋለሁ። እኔ የምወደው ሽፋናቸውን ነው። ከሰውየው ክንድ የሚረዝም ሽጉጥ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ መርማሪ፣ ከበስተኋላ በሯ የተከፈተ መኪና፣ ከፊት ደግሞ ትከሻዋን ያራቆተች ቆንጆ። የአንዳንዷ ከንፈር ቀለም ሲታተም ቦታውን ስቶ አገጯ ላይ ወርዷል። እኔ እሱንም እወደዋለሁ። መርካቶ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ሁሉ አመሌን ያውቁታል፤ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "እህቴ፣ ሽፋኑ ያልተገነጠለ መጥቶልሻል" ይሉኛል።

አመሉ የያዘኝ ከቤት ነው። የሚገርመው ግን መጽሐፍ በሞላበት ቤታችን አንድም ሽፋን ሳላይ ነው ያደግኩት።

አባቴ የወንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ከዱባይ ተራ ብዙም በማይርቅ በረንዳ ላይ ከአንድ የስልጤ ሰው ጋር የስፌት መኪናቸውን ጎን ለጎን ገትረው ይሠሩ ነበር። የሴት ልብስ አይቀበልም። ሴት ለመለካት ያፍራል። በዕድሜው የሰፋው የሴት ቀሚስ ቢኖር የእናቴ ብቻ ነው። እሷ እዚያው ፊት ለፊት ክር፣ መርፌና አዝራር የምትሸጥባት፣ ከአንድ ሰው በላይ የማታስቀምጥ ሱቅ ነበረቻት። የሱቋን ቁልፍ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትይዛለች፤ በቀን አንዴ ጠፋብኝ ብላ ሰፈሩን ካላስጨነቀች አይመሽም።

ደርግ ወድቆ ገበያው ሲከፈት ዱባይ ተራ ከውጭ በገባ የተሰፋ ልብስ ተጥለቀለቀ፤ የአባቴም ሥራ ሱሪ ማሳጠር ሆነ። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቴ አንድ አሮጌ ልብ ወለድ ገዝቶ መምጣቱን አልተወም። እናቴ ልብ ወለድ ካገኘች እህል አትልም። እሱ ግን መጽሐፉን እንዲሁ አያመጣላትም። ጳጉሜን ላይ ሰው የሚጥለውን የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ካላንደር ለቅሞ ያስቀምጣል፤ በዚያ ይለብደዋል። ሥዕሉን ወደ ውጭ፣ ጠርዙን እንደ ሱሪ እግር አጥፎ ይዘመዝመዋል፤ ማዕዘን ማዕዘኑንም በክር ይወጋዋል። ከዚያ "እንኪ" ብሎ ፊቷን ሳያይ ያስቀምጥላታል።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ክር ሊገዙ መጥተው እናቴ ጭን ላይ ቅዱስ ገብርኤልን አዩ። ጎንበስ ብለው መጽሐፉን ተሳለሙት።

"ድርሳነ ገብርኤል ነው ልጄ?"

እናቴ በዚያ ሰዓት ሰውየው ሚስቱን ከሾፌሩ ጋር የያዘበት ገጽ ላይ ነበረች።

"አዎ እትዬ፣ ገና መጀመሬ ነው" አለች።

ለንስሐ አባቷ ሳትነግራቸው አልቀረችም፤ በዚያ ሳምንት ስግደት አበዛች። መጽሐፉን ግን ጨረሰችው።

ልጅ ሆኜ ግለጪልኝና ሽፋኑን ልይ ስላት "የመልአክ ሥዕል ልቅደድልሽ?" ትለኝ ነበር። አባቴ ታሞ ሲሞት ደግሞ ነገሩ ባሰ። መጻሕፍቱን በቆርቆሮ ሳጥን ከትታ አልጋዋ ሥር አስገባቻቸው፤ ማንበቧንም ተወች። እኔ አድጌ ሽፋን ለቃሚ ስሆን ሳጥኑ እንቅልፍ ነሣኝ። ፀሐይ ያልነካቸው፣ እጅ ያላሻሻቸው ሽፋኖች ናቸው። ለመንኳት፤ ተቆጣኋት፤ አኮረፍኳት። መልሷ አንድ ነበር።

"እኔ ስሞት ታዪዋለሽ። እሱ የወጋውን ክር እኔ አልፈታም።"

እውነትም ከእጁ ሥራ የቀራት ያ ክር ብቻ ነበር፤ የሰፋላት ቀሚሶች አልቀው ገሚሱ መወልወያ ሆነዋል። ይህን እያወቅሁም ሽፋኖቹን መመኘቴን አልተውኩም።

በአንዱ ክረምት አብነት ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያው አፈሰሰና ውኃው አልጋው ሥር ገባ። ሳጥኑን ጎትተን ስንከፍተው ከላይ ያሉት መጻሕፍት ልባዳቸው በስብሶ ነበር።

"እማዬ፣ ወረቀቱ ካልተነሣ መጽሐፉ ይሻግታል" አልኳት። ደስ እንዳይለኝ እየታገልኩ ነበር፤ ሆኖም ደስ ብሎኛል።

የበሰበሰውን ልባድ በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ "ምላጭ አምጪ" አለች። ክሩን ራሷ ቆረጠችው፤ ሥዕሉን ገልጣ እንዲደርቅ መደርደሪያው ላይ ዘረጋችና መጽሐፉን አቀበለችኝ።

ሽፋኑ ላይ አንዲት ሴት ቡና ቤት ባንኮኒ ተደግፋ ቆማለች። ሠዓሊው ትከሻዋንም ጭኗንም አራቁቷት ነበር። አሁን ግን ለብሳለች። በሰማያዊ እስክሪብቶ እጅጌ ተቀጥሎላታል፣ አንገቷ ላይ ኮሌታ፣ ደረቷ ላይ አዝራር፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ ቀሚስ። ስፌቱ እንኳ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ተሰምሯል። እንዲህ ያለውን ሽፋን ሰብሳቢ በነጻም አይወስደውም። እኔም በመጀመሪያ ንድድ ነው ያልኩት፤ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ለዚህ ነው?

እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ይቺ እኮ ቀሚሴ ናት" አለች። "አንቺ ክርስትና ስትነሺ የለበስኳት።"

መሳቅ ጀመረች። "ራቁቷን ቤቴ ሊያስገባት አፍሮ ነው። ማንም ላያያት እኮ፣ ከላይ ሊለብዳት! እሱ ሌላ የሴት ቀሚስ የት ያውቃል? የኔን አለበሳት።"

ቀጣዩን ክር ለመቁረጥ እኔ አላስፈለግኳትም። አንዷ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሽጉጥ የያዘችው ደግሞ እናቴ እኔን ስታረግዝ የለበሰችውን ሰፊ ቀሚስ። አንዱን በገለጥን ቁጥር እናቴ ጨርቁን፣ ቀለሙን፣ የት እንደለበሰችው ትነግረኛለች። እንዲያ ስትስቅ አባቴ ከሞተ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም።

የመጨረሻው አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ የለበደው ነው። ክሩ ተጣሟል። ሴትዮዋ መኪና ተደግፋ ቆማለች። ቀሚሷ አንገቱ የተዘጋ፣ ወገቡ የተሸበሸበ፣ ግራና ቀኝ ኪስ ያለው ነው። ጎን ጎኑ ላይ በደቃቃ ቁጥር ልክ ተጽፏል። እናቴ ወደ መስኮቱ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይህን አላውቀውም" አለች። "አልሰፋልኝም።"

ያኔ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ክረምቱ ሲወጣ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልላ ወደዚያ በረንዳ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኳት። የአባቴ ባልደረባ አርጅቷል፤ መኪናው ግን አለች። መነጽሩን አድርጎ ሽፋኑን አየ።

"የሱ እጅ ነው" አለ። "ኪስ ላብጅላት፣ በዚህች ቁልፍ ተቃጠለች ይል ነበር።"

እናቴ ቀሚሱን እንዲሰፋላት ልትለካ እጇን ዘረጋች።

"አልለካሽም እህቴ። እሱ ለክቶሽ የለ እንዴ?"

ቀሚሱን በመስቀል ዋዜማ ሱቋ ውስጥ ለበሰችው። ወገቡ ላይ ሰፋት። አባቴ የሚያውቃት ሞላ ያለች ሳለች ነው፤ ከሞተ ወዲህ ከስታለች። ሰውየው ይህን አይቶ መርፌ አነሣ።

"ላጥብበው?"

"ተወው" አለችው። "እሱ የሚያውቀኝ እንዲህ ነው።"

ከዚያም የሱቋን ቁልፍ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።