አገኘሁ ያልኩት ሥራ

ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ ጥንካሬ ለካሁና ዶክተር ተባልኩ። ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የኖረችው እናቴ ግን ምንም አልተባለችም።

እኔ ሆሳዕና አስተምራለሁ፤ እሷ ሌሞ ውስጥ፣ በጋሪ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ትኖራለች። አንድ ቅዳሜ፣ ውጭ አገር ያለ ቤተ ሙከራ ያወጣውን የድህረ ዶክትሬት ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ አየሁ። በተፈጥሮ ቃጫ ላይ የሠራ የምህንድስና ተመራማሪ ይፈልጋሉ። በእኔ ልክ የተሰፋ ነበር። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ደወልኩላት። ከእሷ ጋር የማወራው በሀዲይኛ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ግን በአማርኛ ካልሆነ አይመጣልኝም። «እማዬ፣ ውጭ አገር አሪፍ ሥራ አገኘሁ!» አልኳት። ማስታወቂያውን ማለቴ ነበር። ማመልከቻ እንኳ ገና አልጻፍኩም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቆማ መሰከረች። እኔ ይህን ያወቅሁት በሚቀጥለው እሁድ ነው፤ ገና ከመቀመጤ አንዱ ሽማግሌ «ጌታ ሥራ የሰጠው ልጃችን ይነሣ!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ነገሩን ለማስተካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው። በልቤ «አመለክታለሁ፣ ይቀበሉኛል፣ ያኔ ውሸት መሆኑ ይቀራል» ብዬ አሰላሁ። የተማረ ሰው ሲዋሽ እንኳ በስሌት ነው።

አመለከትኩ። በሁለተኛው ወር በሦስት መስመር ኢሜይል አሰናበቱኝ። እናቴ መቼ እንደምሄድ ስትጠይቀኝ «ቪዛው ዘገየ» አልኳት። ቪዛ ደህና ሰበብ ነው፤ ለምን ዘገየ ብሎ የሚመረምር የለም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሳልነግራት ሄድኩ። ቆጮው እንደተሸፈነ ነው፤ እሷ ሆዷን በእጇ ደግፋ ተንበርክካለች። «ለቪዛህ እየጾምኩ ነው፤ ዛሬ ሳምንቴ» አለችኝ። ጨጓራ ያለባት ሴት፣ ማንም ላልጠየቀው ቪዛ ሳምንት ሙሉ ስትጾም ሰንብታለች። ያን ጊዜ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እዚያው ተቀምጬ፣ ዓይኗን ማየት አፍሬ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «እሁድ አብረን እንሄዳለን» ብቻ ብላኝ ምሳ አቀረበች።

መናገር ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ገብቶኛል። የምለውን መንገድ ላይ ደጋግሜ አጥንቻለሁ። የምስክርነቱ ሰዓት ሲደርስ ግን ይነሣል ይነሣል ብላ ጠበቀችኝ፤ አልተነሣሁም።

ስለዚህ እሷ ተነሣች። በሀዲይኛ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ልጄ ማስታወቂያ አየሁ ብሎ በደንብ ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ያምታታሁት። አማርኛዬን ታውቁት የለ?»

ሰው ሁሉ በፍቅር ሳቀ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁባት።