ሰነፉ ሳጥን

ሬሕማ የማሽኑ ባለቤት ከመሆኗ በፊት ለዓመታት አቧራውን ስትጠርግለት ኖራለች። ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ የምትሠራበት ቤት ጌታ፣ ኡስታዝ ሁዘይፋ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያኖረው ጥቁር፣ ከባድ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ማዞሪያ ያለው አምፕሊፋየር ነበር። ሰውዬው ፊልም ሲያይ የመኪናው ድምፅ ከፊት ተነሥቶ በኋላ ያልፋል፤ ሬሕማ ሻይ ይዛ ስትገባ እየደነገጠች ዞር ብላ ታይ ነበር። አምስት ስፒከር አለው፤ እሷ ሳጥን ነው የምትላቸው። ሁለቱ ረጃጅም ሆነው ይቆማሉ፣ ሁለቱ ትንንሽ ሆነው ከኋላ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፣ አንዱ ደግሞ በጎኑ ተጋድሞ ከቴሌቪዥኑ ፊት ይውላል። ይህን የመጨረሻውን ስትወለውል «ሰነፉ» ትለዋለች፤ ሌሎቹ ቆመው እሱ ብቻ ስለሚተኛ።

የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ዶሃ ገባ። ኡስታዝ ሁዘይፋ ሲሰናበታት ወደ ማሽኑ በአገጩ እያመለከተ፣ «ሬሕማ፣ ይህን ካንቺ በላይ የተንከባከበው የለም፤ ከነሳጥኖቹ ውሰጂው» አላት። የቀለደባት መስሏት ነበር። እውነቱን መሆኑን ስታውቅ ሐሳቡን ሳይቀይር ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ጠራች፣ ማሽኑን ጭኗ ላይ ታቀፈች፣ ሳጥኖቹን በግራ በቀኝ አስደገፈችና ወደ ሰፈሯ ከነፈች። ሪሞቱ ብቻ ከሌሎች ሪሞቶች ጋር በስህተት ታሽጎ ከባለቤቶቹ ጋር ሄዷል። ሬሕማ ለሪሞቱ ደንታም አልነበራት፤ ጣት እያለኝ ሪሞት ምን ያደርግልኛል አለች።

የምትኖርበት ሐውሽ የወሎ ሴቶች በየክፍሉ ተከራይተው የሚኖሩበት ሰፊ ግቢ ነው። ቀን ሰው ቤት ሲሠሩ ይውላሉ፣ ማታ እዚያ ይገናኛሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ ያገኙትን ብቻ ይዞ በር መዝጋት ነውር ነው፤ የተሰጠ ልብስ ይሁን ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት፣ ተከፋፍሎ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ሬሕማ ማሽኑን ከአልጋዋ አጠገብ አስቀመጠችና ሳጥኖቹን በረንዳ ላይ አውጥታ እንደ ቅርጫ ሥጋ መደበቻቸው። ሁለቱን ረጃጅሞች ለራሷ ያዘች፤ ያለ እነሱማ ማሽኑ ምን ይሠራላታል። ከትንንሾቹ አንዱ ለጎረቤቷ ለፋጤ ደረሰ፣ ሁለተኛው ጥግ ባለው ክፍል ለምትኖረው ልጅ። ሰነፉን ለታናሽ እህቷ ለዘኪያ ሰጠቻት፤ ዘኪያ ለሀሰን ታጭታ የኒካሗን ቀን እየጠበቀች ስለነበር፣ «ለጎጆሽ መነሻ ይሁንሽ» አለቻት። ሳጥን ያለ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ አልነበረም። ፋጤ የራሷን ድርሻ የበር ማስደገፊያ አደረገችው፤ ምርቃቱን ግን አላጓደለችም።

ማሽኑ ለግቢው ብርቅ ሆነ። ዓርብ ከሰዓት ሴቶቹ ከሥራ ሲመለሱ እየተሰበሰቡ መንዙማ ይሰሙበታል። ድቤው ግድግዳውን ያርገበግበዋል፣ ጭብጨባውና ተቀባዮቹ ክፍሉን ይሞሉታል። መንዙማውን የሚያወጣው ሰውዬ ብቻ ከማዶ ሰፈር የሚጣራ ይመስል ነበር።

«ምነው ሰውዬው ራቀብን?» ትላለች ፋጤ።

«የውድ ዕቃ ድምፅ እንዲህ ነው። እንደኛ ስልክ አያንባርቅም» ትላለች ሬሕማ፣ በሙሉ ልብ።

ከህረባ፣ ማለትም መብራት፣ ሲጠፋ ማሽኑን ሻሽ ታለብሰዋለች፤ ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው የማሽኑን ሰማያዊ መብራት ነው። ከሰው ቤት ወጥቶ የእሷ የሆነ ትልቅ ዕቃ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ትኮራበት ነበር፣ ኩራቷንም አትደብቅም።

ቆሌዋ የሚገፈፈው ስለ አባቷ ሲነሣ ብቻ ነው። ሸህ አሊጋዝ ሐርቡ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ድሮ ለወዳጃቸው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተው ሳለ፣ ሬሕማ ሳትነግራቸው በመተማ አድርጋ ሱዳን ገባች። ሸህ አሊጋዝ አልረገሟትም፤ እርግማን ከአፋቸው አይወጣም። ዝም ብቻ አሏት። ዱዓ ሲያደርጉ ልጆቻቸውን ከታላቅ ጀምረው በየስማቸው እየጠሩ መመረቅ ልማዳቸው ነው። ታላቋ እሷ ናት። ከሄደች ወዲህ ግን ከሁለተኛው ከነጂብ እንደሚጀምሩ፣ ነጂብ ራሱ እያፈረ በስልክ ነግሯታል። ዘኪያን እሳቸው መርቀው ነው የላኳት፤ በየጊዜው ትደውልላቸዋለች። ያን ጊዜ ሬሕማ አጠገቧ ሆና ታዳምጣለች እንጂ ስልኩን አትቀበልም፤ እሳቸውም አገናኚኝ ብለው አያውቁም።

ካርቱም ያሉ ወሎዬዎች ልጅ ሲያጋቡ አባት አገር ቤት ሆኖ በስልክ ቃሉን ይሰጣል። ኒካሑን የሚያስረው ሸህ ስልኩን ለራሱና ለምስክሮቹ ጆሮ አቅርቦ ቃሉን ይቀበላል፤ ቀጥሎ የአባት ዱዓ ይሆናል፣ እንግዳው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። ከኋላ የሚቀመጡት ሴቶች ታዲያ ሁልጊዜ የሚደርሳቸው የስልክ ጭርታ ነው።

«በዘኪያ ኒካሕ እንዲህ አይሆንም» አለች ሬሕማ። «የአባባ ዱዓ በኔ ማሽን ነው የሚሰማው።»

ለሰው የምትለው ለእንግዳ አስባ ነው። የልቧ ግን ሌላ ነበር። ይህ ሰርግ ነው፤ አባቷ በልጃቸው ሰርግ ዱዓ ላይ ከማን እንደሚጀምሩ በገዛ ጆሮዋ መስማት ፈለገች። ከነጂብ ከጀመሩ ቁርጧን ታውቃለች። በዋዜማው መንዙማ ከፍታ ሞከረችው፣ ድቤው ደለቀ፣ ደኅና ነው ብላ ዘጋችው።

በማግሥቱ ኒካሑ ያለ እንከን ታሰረ። ነጂብ አባቱን ኔትዎርክ ወዳለበት ኮረብታ ይዟቸው ወጥቷል። ኒካሑን የሚያስረው ሸህ ቃላቸውን ተቀበለ፣ ምስክሮቹ ሰሙ፣ ሀሰን ላብ እያጠመቀው ተቀብያለሁ አለ። «እንግዲህ ዱዓ ያድርጉልን» ብሎ ሸሁ ስልኩን ለሬሕማ አቀበላት። የዘኪያ ስልክ የገመድ ቀዳዳው የላላ ነው፤ ገመዱ ትንሽ ከተነካ ጥሪው ይቋረጣል። ሬሕማ ከማሽኑ ጋር አገናኝታ በጥንቃቄ አስቀመጠችውና፣ «ወላሂ ይህን ስልክ የነካ ከኔ ጋር ተጣላ» አለች።

ከሁለቱ ረጃጅም ሳጥኖች የመጣው የነፋስ ሽውታ ብቻ ነው። ማዞሪያውን ጨመረችው። ሽውታው ጨመረ።

«ቆይ፣ አሁን ይመጣል» አለች።

ሽውታው ውስጥ የሰው እስትንፋስ የመሰለ ነገር አለ፤ ይነሣል፣ ያርፋል። ሰውዬው ዱዓ ላይ መሆናቸው ታውቋል። ሽማግሌን ዱዓ ላይ አቋርጦ አልሰማንዎትም የሚል ደግሞ በዚያ ግቢ አልተፈጠረም። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት እስትንፋሱ ረፍ ሲል «አሜን» አሉ። ሁሉም ተከተላቸው። እንዲህ ሆኖ ቀጠለ፤ ሽውታው ረፍ ባለ ቁጥር ግቢው ሁሉ እጁን ዘርግቶ፣ ምን እንደተባለ ሳያውቅ፣ አሜን ይላል። ሬሕማ ከማሽኑ ጀርባ በደረቷ ተኝታ ቀዩን ሽቦ ትነካካለች፣ ጥቁሩን ትነካካለች።

ፋጤ ጎንበስ ብላ፣ «ስልኩን ንቀይውና በራሱ እንስማው» አለቻት።

«ይቋረጣል አልኩሽ። ቆይ፣ አሁን ይመጣል።»

አልመጣም። ሽውታው ጠፋ፣ ስልኩን ሲያዩት ጥሪው ተቋርጧል። መልሰው ቢሞክሩ ኔትዎርኩ እንቢ አለ። እንግዶቹ ጨዋ ናቸው፤ አንዳቸውም ስለ ማሽኑ አላነሡም። አንዷ እንዲያውም ስትወጣ፣ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ዱዓ ነበር» ብላ ሬሕማን ሳመቻት። ሬሕማ ከዚያ ይልቅ ብትሰድባት ትመርጥ ነበር።

ዘኪያ ከባሏ ጋር ሶባ የሚባል ሰፈር ገባች፣ ሰነፉንም ይዛ ሄደች። ሬሕማ እህቷን ቤቷ ሄዳ መጠየቅ ነበረባት፤ ግን አፈረች። በየሳምንቱ «ኢንሻአላህ ለዓርብ» እያለች ታሳልፈዋለች። ማሽኑን ሻሹን እንዳለበሰችው ተወችው። ሴቶቹ ክፈችልን ሲሏት ታሟል ትላለች። በመጨረሻ ዓይኔ አይየው ብላ ልትሸጠው ተነሣች፤ በጨርቅ ቋጥራ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ድልድዩን ተሻግራ ኦምዱርማን ገበያ ወረደች።

ገበያው ውስጥ ኢስሐቅ የሚባል አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚገዛና የሚጠግን ሰው አለ። እናቱ ሐበሻ ናት፣ እሱ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላል። ማሽኑን አገላብጦ አየና፣ «ሰማዓው ስንት አለህ? ሳጥኑ» አላት።

«ሁለት።»

«ይሄ ባምስት ነው ሚሠራ። ሦስቱስ?»

«አካፈልኩት።»

«እንዴት አካፈልኩት?»

«ለሰው ነዋ። ለጎረቤት፣ ለእህቴ።»

ኢስሐቅ መፍቻውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አያት። «ዳቦ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ የራሱን ሳጥኖች ቀጠለበት፣ ስልኳን ተቀብሎ አንድ ሰው የሚናገርበት ነገር ከፈተ። ድምፁ ከመሃለኛው ሳጥን ጥርት ብሎ ወጣ። ያንን ሲነቅለው ሰውዬው ጠፋ፤ ሽው የሚል ነገር ብቻ ቀረ። ሬሕማ ያን ሽውታ አወቀችው።

«አየህ፣ ሰው ሚያወራውን በመሃለኛው ነው ሚያወጣ። ድቤ፣ ጭብጨባ በጎን። መሃለኛውን ለሰው ሰጠህ፣ ማሽን ግን አያውቅም፤ አሁንም ወደዚያ ይልካል። በሪሞት ትነግረው ነበር፣ መሃለኛው የለም ብለህ። ሪሞቱስ?»

«ዶሃ።»

«ያላ፣ እንግዲያ መሃለኛውን አምጣ። ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ አትሽጥ» አለና ቁራጭ ሽቦ ሰጣት።

ሬሕማ መጀመሪያ ሳቀች። ሰነፉ ነበር ለካ ቤቱን ሁሉ ሲያናግር የኖረው። ወዲያው ግን ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። አባቷ ያን ቀን የተናገሩትን ማሽኑ ተቀብሎ ነበር፤ መውጫውን ለሰው የሰጠችው እሷ ናት። በራሷ ተናደደች፣ አዘነችም። እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆማ ለዘኪያ ደወለችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

ዘኪያ ሰምታ ስትጨርስ፣ «እትዬ፣ ነጂብ የዚያን ቀን ዱዓ በሌላ ስልክ ቀድቶ ልኮልኛል» አለች።

«ደርሶሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«ስትመጪ ላሰማሽ ብዬ ነዋ። አንቺ በየሳምንቱ ኢንሻአላህ ትያለሽ። አሁንም አልልክልሽም። ሳጥኑ እኔ ጋ ነው፣ ማሽንሽን ይዘሽ ነይ።»

«ከማን ነው የጀመሩት?»

«ነይ ብያለሁ» አለችና ዘጋችው።

ከኦምዱርማን ሶባ መንገዱ ረጅም ነው። ሬሕማ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ማሽኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ረዳቱ ከታች አስቀምጪው ቢላት አልሰማችውም። ከነጂብ ቢጀምሩስ እያለች መንገዱን ጨረሰችው፤ ከነጂብ ቢጀምሩ ኖሮ ዘኪያ አትጠራኝም ትላለች፣ መልሳ ደግሞ ልታጽናናኝ ይሆናል ትላለች።

ሰነፉ የዘኪያ መስተዋት ሥር ተጋድሟል፤ ላዩ ላይ ኩልና ሽቶ ተደርድሮበታል። ዘኪያ ሽቶዋን አነሣች፣ ሬሕማ የኢስሐቅን ሽቦ ቀጠለች፣ ገመዱን ስልኩ ላይ ሰኩት።

ነፋስ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሳል። ሳሉን አወቀችው። ከዚያ ሸህ አሊጋዝ እዚያው ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ያህል ቀርበው መጡ።

«ቢስሚላህ። ያ ረቢ፣ ታላቋን ልጄን ሬሕማን፣ ባለችበት ጠብቅልኝ። ቃሌን አጠፈችብኝ ብዬ ዝም አልኳት፤ ዝምታዬ በዛ፣ እኔንም ማረኝ። የሰው ቤት መጥረግ ይብቃት፤ የራሷን ቤት ስጣት።»

ከኮረብታው ላይ ከነበረው ስልክ፣ ቅጥን ብሎ፣ የካርቱሙ እንግዳ «አሜን» ሲል ተሰማ። ባልቴቷ አሉ፣ ፋጤ አለች፣ ሀሰን አለ። በአሜኑ መሃል አንዲት ሴት፣ «ይቋረጣል አልኩሽ። ቆይ፣ አሁን ይመጣል» ትላለች። የራሷ ድምፅ ነው።

ሸህ አሊጋዝ ዱዓቸውን አቋረጡ። «እሷ አሜን አለች?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ አባባ፣ ሁሉም ብለዋል» አለ ነጂብ።

«የእሷን አልሰማሁም» አሉ። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ነጂብ አለፉ።

ሬሕማ አለቀሰች። ዘኪያ ልታጠፋው ስትል በእጇ ከለከለቻት፤ የነጂብንም የዘኪያንም ዱዓ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ያን ቀን ግቢ ሙሉ ሰው ምንም ሳይሰማ አሜን ብሎላታል። ለገዛ ምርቃቷ አሜን ሳትል የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ደውይላቸው» አለች፣ ፊቷን በሻሿ እየጠረገች።

ነጂብ አነሣ፤ ሐርቡ ገበያ ከአባቱ ጋር ነው። ሬሕማ ይህ ቀን ቢመጣ እላለሁ ብላ ለዓመታት ያጠራቀመችው ብዙ ይቅርታ ነበራት። ስልኩ ላይ ጎንበስ ስትል አንዱም አልመጣላትም።

«አሜን» አለች።

ከወዲያ የገበያ ጫጫታ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ድምፃቸው ከመስተዋቱ ሥር፣ ከሰነፉ ሳጥን ወጣ።

«ሬሕማ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ምነው ዘገየሽ?»

«ሳጥኑን ለሰው ሰጥቼው ነው» አለች።

ሸህ አሊጋዝ የየትኛውን ሳጥን ነገር እንደምታወራ አልገባቸውም። ግን መስጠቷን ሰሙ።

«ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሏት።